ማሽኑ ከመገዛቱ በፊት

የአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም መታጠቢያ ቤት ጠባብ ነው። መጸዳጃው፣ ሲንኩና ሻወሩ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ነው የሚቆሙት። ያም ሆኖ በብዙ ቤት አንዲት የተረፈች ጥግ አትጠፋም፤ የቧንቧ መውረጃ በሆነው ሻፍትና በሻወሩ ግድግዳ መካከል ገባ ያለች፣ ሳፋ፣ ባልዲና መጥረጊያ የሚታጎርባት። የልብስ ማጠቢያ ማሽን ለመግዛት ያሰበ ቤተሰብ ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያች ጥግ ላይ ነው። ሜትር ይመጣል፣ ይለካል፣ ወርዱ 68 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ይገኛል እንበል። የማሽኑ ወርድ ደግሞ 60 ነው። ይገባል ተብሎ ወደ ሱቅ ይኬዳል።

ላይገባ ይችላል። 68ቱ የተለካው ግድግዳው ገና ብሎኬት ሳለ ከሆነ ሒሳቡ ሌላ ነው። ልስኑ በየጎኑ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ይወስዳል፤ ሴራሚኩ ከነማጣበቂያው ሌላ 1 ተኩል ይጨምራል። በሁለቱም ጎን ሲደመር 7 ሴንቲ ሜትር ሄደ፤ የቀረው 61 ነው። ማሽን ደግሞ ልብስ ሲጨምቅ ስለሚርገፈገፍ በየጎኑ ቢያንስ 1 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ይፈልጋል። ስለዚህ የሚያስፈልገው 62፣ ያለው 61። ማሽኑ በግድ ቢገፋ እንኳ በየጭምቂያው ሴራሚኩን ሲደበድብ ይኖራል።

እንዲህ ያለው ስህተት የሚደጋገመው ያለ ምክንያት አይደለም። ከ1990ዎቹ አጋማሽ በኋላ በከተማዋ ዳር ዳር የበቀሉት ኮንዶሚኒየሞች አብዛኞቹ ለዕድለኞች የተላለፉት የውስጥ ሥራቸው ሳይጠናቀቅ ነው። ልስኑን፣ ሴራሚኩን፣ ቀለሙንና በሩን የሚጨርሰው ባለቤቱ ራሱ ነው። ለልብስ አጠባ ደግሞ በቤቱ ውስጥ የተለየ ቦታ አልታሰበለትም ነበር። በየሳይቱ የተሠራው የጋራ መገልገያ ሕንፃ ለልብስ ማጠቢያ፣ ለእንጀራ መጋገሪያና ለበግ ማረጃ እንዲሆን ታስቦ ነበር። ኑሮው ግን ወደየቤቱ ገባ። ዛሬ ልብስ የሚታጠበው በሻወሩ ወለል ላይ በሳፋ ነው፤ ብዙውን ጊዜም ጎንበስ ብላ የምታጥበው የቤቱ እናት ወይም በሳምንት አንድ ቀን የምትመጣ አጣቢ ናት። አንድ ብርድ ልብስ ውሃ ጠጥቶ ምን ያህል እንደሚከብድ፣ እሱን ለመጭመቅ ወገብና አንጓ ምን እንደሚከፍሉ ያጠበ ያውቀዋል። ለዚህች ጥግ ገንዘብ ማውጣት ቅንጦት የሚመስለው ሰው ካለ አንድ ቅዳሜ ሳፋው ላይ ተቀምጦ ይሞክረው።

እንግዲህ ዕቅዱ ከውሃው ይጀምር። ቦታ ቢጠብ ቀጭን ማሽን ይገኛል፤ ውሃው ካልደረሰ ግን ማሽኑ ከነካርቶኑ የተቀመጠ ዕቃ ነው።

አዲስ አበባ ውሃ የምታገኘው ከለገዳዲ፣ ከድሬና ከገፈርሳ ግድቦች እንዲሁም ከአቃቂ አካባቢ ጥልቅ ጉድጓዶች ነው። ውሃው ለብዙ ሰፈር የሚደርሰው በፈረቃ ስለሆነ ሮቶ የሌለው ቤት ማሽን ቢያስገባ የሚያጥበው በፈረቃው ቀን ብቻ ይሆናል። የሮቶው መጠን የሚወሰነው በማሽኑ ዓይነት ነው። ከፊት የሚከፈት 7 ኪሎ የሚያጥብ ማሽን በአንድ ዙር 50 ሊትር አካባቢ ይበቃዋል። ከላይ የሚከፈተው ግን ብዙ ጊዜ ከ100 ሊትር ያልፋል። በሳምንት አራት ዙር የሚያጥብ ቤተሰብ በመጀመሪያው 200 ሊትር፣ በሁለተኛው 400 ሊትርና ከዚያ በላይ ይፈልጋል ማለት ነው። ውሃ በሳምንት አንዴ በሚመጣበት ሰፈር ይህ ልዩነት ባለ 500 ሊትር ሮቶ ለምግቡም፣ ለገላውም፣ ለልብሱም ይበቃል ወይስ አይበቃም የሚለውን ይወስናል።

ከመጠኑ ሌላ ግፊቱ አለ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ሮቶ ከማሽኑ በላይ በ10 ሜትር ከፍታ ሲቀመጥ የሚሰጠው ግፊት ወደ 1 ባር ይጠጋል፤ በ2 ሜትር ከፍታ ሲቀመጥ 0.2 ባር ብቻ ነው። አውቶማቲክ ማሽኖች እንደ ዓይነታቸው ከ0.3 እስከ 1 ባር ዝቅተኛ ግፊት ይጠይቃሉ። በጂ ፕላስ 4 ሕንፃ ሮቶው ጣሪያ ላይ ከሆነ ታችኛው ፎቅ ያለው ቤተሰብ ችግሩን ሳያውቀው ይኖራል። አራተኛ ፎቅ ያለው፣ ሮቶው ከራሱ በላይ ያለው ቤት ግን በቂ ግፊት አያገኝም። ማሽኑ ቫልቩን ከፍቶ ይጠብቃል፤ በተወሰነለት ጊዜ በቂ ውሃ ካልደረሰው የብልሽት ምልክት አሳይቶ ይቆማል። ባለቤቱም የተበላሸ ማሽን የተሸጠለት ይመስለዋል።

ይህን ሳይገዙ ማወቅ ይቻላል። አንዳንድ አምራቾች በመመሪያቸው ላይ ቧንቧው ሙሉ በሙሉ ሲከፈት በደቂቃ ቢያንስ 8 ሊትር መስጠት አለበት ይላሉ። ማሽኑ ይቀመጥበታል በተባለው ጥግ ከሚገኘው ወይም ለጥጉ ከሚቀርበው ቧንቧ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ደቅኖ በሞባይል ሰዓት መያዝ ነው። ከ2 ደቂቃ ተኩል በፊት ከሞላ ጥሩ። ከዚያ ከዘገየ ትንሽ ፓምፕ ያስፈልጋል፤ ቧንቧ ሲከፈት ራሱ የሚነሳ፣ ሲዘጋ ራሱ የሚያቆም ዓይነት። ፓምፑ መሳብ ያለበት ከሮቶው ነው። በቀጥታ ከከተማው መስመር ላይ የሚገጠም ፓምፕ የጎረቤትን ውሃ ይነጥቃል፤ መስመሩ ባዶ ሲሆንም በስንጥቁ ቆሻሻ ሊስብ ይችላል። ማንም ጥሩ ቧንቧ ሠራተኛ ይህን አይሠራም፤ የሚሠራ ከተገኘም ሌላ ሰው መፈለግ ነው።

ለማሽኑ የሚመጣው መስመር የራሱ መዝጊያ ይኑረው፤ መዝጊያውም ማሽኑ ቦታው ከገባ በኋላ እጅ የሚደርስበት ከጎን ወይም ከበላይ ይሁን። ከማሽኑ ጀርባ የተቀበረ መዝጊያ ጎማው በፈነዳ ቀን ምንም አይጠቅምም። ከማሽኑ ጋር የሚመጣው የውሃ ጎማ ብዙውን ጊዜ 1 ሜትር ተኩል ነው፤ ቧንቧው ከዚያ ርቆ ከወጣ ሁለት ጎማ ከሚቀጠል መስመሩን ማስጠጋት ይሻላል።

የሚገባው ውሃ ይህን ያህል ካሳሰበ የሚወጣው የበለጠ ሊያሳስብ ይገባል፤ ምክንያቱም ስህተቱ የሚታየው ከታች ባለው ጎረቤት ኮርኒስ ላይ ነው። በብዙ ቤት የማሽኑ የፍሳሽ ጎማ ዝም ብሎ የሻወሩ ወለል ላይ ይጣላል። ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ የጎማው ጫፍ ከማሽኑ ከበሮ ዝቅ ስላለ ውሃው እየገባ ወዲያው ይወጣል፤ ማሽኑ ሲሞላ፣ ሲያፈስስ፣ እንደገና ሲሞላ ሮቶው ያልቃል። ሁለተኛ፣ የልብሱ ብናኝና አረፋው የወለሉን ማፍሰሻ ቀስ በቀስ ይደፍነዋል።

ትክክለኛው አሠራር ግድግዳው ውስጥ ወይም ጥጉ ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ የፒቪሲ ቱቦ ነው። 50 ሚሊ ሜትር ስፋት ይበቃዋል፤ አፉ ከወለሉ ከ60 እስከ 90 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል፤ ከታቹ ውሃ የሚቋጥር ሲፎን ይኖረዋል። ሲፎኑ ከሌለ የፍሳሹ ሽታና በረሮው በዚያው ቱቦ ወደ ቤት ይገባሉ። የማሽኑ ጎማ ከላይ ታጥፎ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ይገባና በማሰሪያ ይያዛል። በሲሊኮን ወይም በፕላስተር አፉን ማሸግ አይገባም፤ አየር ካላገኘ ያው ያለ ጊዜው የመፍሰስ ችግር ይመለሳል።

ቱቦው የሚገናኘው ብዙ ቤት ከሚጋራው መውረጃ ጋር ስለሆነ ጉዳዩ የአንድ ቤት ብቻ አይደለም። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370 የግል የሆነውን ቤትና የጋራ የሆነውን የሕንፃ ክፍል ይለያል። ሻፍቱን ለመክፈት ወይም ዋናውን መውረጃ ለመብሳት ያሰበ ሰው ከብሎኩ ኮሚቴ ጋር ቀድሞ ቢነጋገር ይሻለዋል። አባወራው ሥራ በሄደበት ሰዓት ቧንቧ ሠራተኛው መውረጃውን ቆርጦ ከላይ ያለው ጎረቤት ውሃ ቢለቅ የሚሆነውን መገመት አያዳግትም።

ወለሉ ሴራሚክ ከመልበሱ በፊት ውሃ የማያሳልፍ ቅባት ይቀባል፤ ግድግዳውንም ቢያንስ እስከ 20 ሴንቲ ሜትር፣ በሻወሩ በኩል ደግሞ እስከ ሰው ቁመት ድረስ ይወጣል። ጥግ ጥጉ ላይ፣ ወለልና ግድግዳ በሚገናኙበት መስመር፣ ጨርቅ መሰል መረብ ተደርጎ በድጋሚ ይቀባል፤ ስንጥቅ የሚጀምረው እዚያ ነውና። ከዚያ የሚመጣው ፍተሻ ምንም ወጪ የለውም፣ ግን በጥድፊያ ይዘለላል። ማፍሰሻው በፕላስቲክና በጨርቅ ይወተፋል፤ በበሩ ሥር በሲሚንቶ ትንሽ ገደብ ይሠራል፤ ወለሉ ላይ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ውሃ ይሞላል፤ የውሃው ጠርዝ ግድግዳው ላይ በእርሳስ ይሰመራል። ከ24 ሰዓት በኋላ ውሃው ከእርሳሱ መስመር መውረድ አለመውረዱ ይታያል፤ ከታች ያለውን ጎረቤት አስፈቅዶም ኮርኒሱ በእጅ ይዳሰሳል። ሴራሚክ ሠሪው "አያስፈልግም፣ እኔ ኃላፊ ነኝ" ቢልም ይህ ፍተሻ መቅረት የለበትም። እሱ ሒሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል፤ ከታች ያሉት ጋሼና እትዬ ግን ሁልጊዜ እዚያው ናቸው።

ወለሉ ወደ ማፍሰሻው በአንድ ሜትር ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ዘቅዘቅ ማለት አለበት። ማሽን ደግሞ የሚቆመው በደልዳላ ላይ ነው። ሁለቱን የሚያስታርቀው ከጥጉ ወለል ወደ 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ የኮንክሪት መደብ ነው። ላዩ በውሃ ልክ ይስተካከላል፣ የሻወሩ ውሃም የማሽኑን እግር አይነካም። ለዚህ ከፍታ ሲባል የፍሳሽ ቱቦውም በ10 ሴንቲ ሜትር ከፍ ማለቱ አይረሳ።

ኤሌክትሪክ ላይ መቆጠብ የለም። ውሃ በሚያሞቅ ማሽን ማሞቂያው ብቻ 2 ኪሎ ዋት ያህል ይወስዳል። የእንጀራ ምጣዱ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ነው፤ ቦይለሩ 1 ተኩል። ሦስቱ ቅዳሜ ጠዋት አንድ ላይ ቢሠሩ ወደ 7 ኪሎ ዋት ይጠጋል፤ በ220 ቮልት ሲሰላ ወደ 32 አምፔር ነው። የቤቱ ዋና ብሬከር ስንት አምፔር እንደሆነ ገልጦ ማየት፣ ካልቻለም ምጣዱና ማሽኑ የተለያየ ቀን እንዲኖራቸው ማድረግ ነው። በቀዝቃዛ ውሃ የሚያጥብ ሰው ይህ ሁሉ አያስጨንቀውም፤ ሞተሩ ብቻ የሚወስደው ጥቂት መቶ ዋት ነው።

ለማሽኑ ከብሬከር ሳጥኑ በቀጥታ የሚመጣ ባለ 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ፣ የራሱ 16 አምፔር ብሬከር፣ ከዚያም በ30 ሚሊ አምፔር መፍሰስ የሚቋረጥ መከላከያ ያስፈልጋል። ግራውንድ ደግሞ የግድ ነው። በብዙ ቤት ሶኬቱ ባለ ግራውንድ ይመስላል፤ ሲፈታ ግን ከኋላው አረንጓዴ ቢጫው ሽቦ የለም። እርጥብ እግር ይዞ ማሽኑን የነካ ሰው "ይነዝረኛል" ካለ ምልክቱ ይኸው ነው፤ የሚናቅም አይደለም። ዲቫይደር በመታጠቢያ ቤት ውስጥ ፈጽሞ አይገባም።

ሶኬቱ የት ይሁን ለሚለው ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን ደንብ ግልጽ ነው። ገንዳ በሌለው ሻወር ከሻወሩ ውሃ መውጫ እስከ 1 ሜትር ከ20 ድረስ ያለው ክልል ሶኬት አይገባበትም። በመካከል ቋሚ ግድግዳ ወይም መስታወት ካለ ርቀቱ የሚለካው ግድግዳውን ዞሮ ነው። ለኮንዶሚኒየም ጥግ ይህ ትልቅ ዕድል ነው፤ በሻወሩና በጥጉ መካከል የሚቆም አንድ ቀጭን ግድግዳ ርቀቱንም ያረዝማል፣ የሚረጨውንም ውሃ ይከለክላል። በዚህም ርቀቱ ካልተገኘ ጥጉን ትቶ ማሽኑን ወደ ኩሽና መውሰድ ነው። መጋረጃ እንደ ግድግዳ አይቆጠርም።

አሁን ወደ ሜትሩ መመለስ ይቻላል፤ ልኬቱ የሚወሰደው ሴራሚኩ ካለቀ በኋላ ወይም ውፍረቱ ተቀንሶ ነው። ከጀርባ ለጎማዎቹ ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ይተዋል። ጥልቀቱ የማይበቃ ከሆነ ከ40 እስከ 45 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያላቸው ቀጫጭን ማሽኖች አሉ፤ የሚይዙት ልብስ ግን ይቀንሳል፣ ብርድ ልብስም ላይችሉ ይችላሉ። ከፊት የሚከፈት ማሽን ከበላዩ መደርደሪያ ይፈቅዳል። ከላይ የሚከፈተው ክዳኑ እስኪነሳ ድረስ ቦታ ስለሚፈልግ መደርደሪያው ከፍ ብሎ ይሰቀላል። ብሎኬት ውስጡ ባዶ ስለሆነ መደርደሪያውን በተራ የፕላስቲክ ፊሸር አንጠልጥሎ አምስት ሊትር ላርጎ መደርደር አደጋ አለው፤ ለባዶ ብሎኬት የሚሆን ማያያዣ ይጠየቅ። የመታጠቢያ ቤቱ በር ሲከፈት የሚተወው ክፍተትም መለካት አለበት፤ በሩን ከመቃኑ መንቀል ግድ የሚልበት ቤት ብዙ ነው። ሊፍት በሌለው ፎቅ ከ60 እስከ 80 ኪሎ የሚመዝን ማሽን በሰው ትከሻ እንደሚወጣም አስቀድሞ ይታሰብ።

ሁለት ከበሮ ያለውን፣ በአንዱ እያጠቡ በሌላው የሚጨምቁበትን ማሽን ብዙ ሰው ይንቀዋል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት፣ ግፊትም በሌለበት ቤት ግን ሐቀኛው ምርጫ እሱ ሊሆን ይችላል። በባልዲ ይሞላል፣ ግፊት አይጠይቅም፣ ውሃ ስለማያሞቅ ብዙ ኤሌክትሪክ አይበላም፣ የነጭ ልብሱ የሳሙና ውሃም ለጥቁሩ ሊደገም ይችላል። ጉዳቱ ሰው አጠገቡ ቆሞ ልብሱን ከከበሮ ወደ ከበሮ ማዞር አለበት፤ ወርዱም ከ60 ስለሚበልጥ በጠባብ ጥግ ላይገባ ይችላል።

ከውጭ ዕቃ የሚያስመጣ ቤተሰብ አንድ ተጨማሪ ነገር ያስብ። የአሜሪካ ማሽን በ120 ቮልትና በ60 ኸርዝ ይሠራል፤ ወርዱም ብዙ ጊዜ 27 ኢንች፣ ማለትም ከ68 ሴንቲ ሜትር በላይ ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን ይለውጣል፣ ኸርዙን ግን አይለውጥም። ሳውዲ አረቢያም ኸርዙ 60 ስለሆነ ከዚያ ተጭኖ የሚመጣው ማሽን ጀርባው ላይ ያለው ሰሌዳ ይነበብ፤ ለኢትዮጵያ የሚሆነው ከ220 እስከ 240 ቮልት፣ 50 ኸርዝ የሚል ነው። በዘመድ ፍቅር የተላከ ማሽን ኮሪደር ላይ ቆሞ ሲቀር ያሳዝናል፤ የሰሌዳው ፎቶ በስልክ ቀድሞ ቢላክ ይህ ሁሉ ይቀራል።

የባለሙያዎቹ ተራ ከተዛባ ሥራው ሁለት ጊዜ ይከፈልበታል። መጀመሪያ ቧንቧ ሠራተኛውና ኤሌክትሪሽያኑ ግድግዳውን ፈልፍለው መስመራቸውን ይቀብራሉ፤ ቀጥሎ ልስን፣ ከዚያ ውሃ መከላከያው ከነፍተሻው፣ ከዚያ መደቡና ሴራሚኩ፣ በመጨረሻ ቧንቧውና ሶኬቱ ይገጠማሉ። ግድግዳው ከመለሰኑ በፊት የተቀበሩት መስመሮች ሜትር ተዘርግቶባቸው ፎቶ ይነሱ። ለመደርደሪያ ግድግዳ የሚበሳ ሰው ቧንቧው ላይ እንዳያርፍ ከዚህ የተሻለ መድኃኒት የለም።

የማድረቁ ነገር በክረምት ፈተና ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም በረንዳ ላይ የተሰጣ ልብስ ሁለት ቀን ሊቆይ ይችላል፤ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ቢሰጣ ደግሞ ግድግዳው ሻጋታ ያበቅላል። በደቂቃ 1,000 ዙርና ከዚያ በላይ የሚጨምቅ ማሽን ልብሱን ግማሽ ደረቅ አድርጎ ስለሚያወጣው ለአዲስ አበባ ክረምት ትልቅ እፎይታ ነው። መስኮት ለሌለው መታጠቢያ ቤት አየር ማስወጫ ፋን ከማሽኑ ጋር አብሮ ይታቀድ።

ማሽኑ ከገባ በኋላ በመጀመሪያው ቀን የሚደረጉ ጥቂት ነገሮች አሉ። ከበሮውን ለጉዞ አጥብቀው የያዙት ከጀርባ ያሉ ረጃጅም ብሎኖች ይፈታሉ፤ ሳይፈቱ ልብስ ቢጨመቅ ማሽኑ እየዘለለ ከቦታው ይወጣል፣ ይሰበራልም። እግሮቹ በውሃ ልክ ይስተካከሉና ማጥበቂያቸው ይታሰራል። ለእጅ የሚሆነው ኦሞ አረፋው ስለሚበዛ ከፊት ለሚከፈት ማሽን አይሆንም፤ ለማሽን ተብሎ የተሠራው ይገዛል። ውሃ ጠፍቶ ሲመጣ የመጀመሪያው ውሃ ጭቃ ይዞ ስለሚመጣ የማሽኑ መዝጊያ ተዘግቶ በሲንኩ በኩል እስኪጠራ ይለቀቃል። በየወሩም የውሃ ጎማው ከማሽኑ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ያለችው ጥፍር የምታህል ወንፊት በፒንሳ ተስባ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ትታጠባለች፤ "ማሽኑ ውሃ አልሳብ አለ" ተብሎ ጠጋኝ ከሚጠራበት ምክንያት ብዙው እሷ ላይ የተጠራቀመ ደለል ነው። የተፈቱት የጉዞ ብሎኖች በፌስታል ታስረው ከዋስትና ወረቀቱ ጋር ይቀመጡ፤ ቤት በተቀየረ ቀን ማሽኑ ያለ እነሱ ደረጃ መውረድ የለበትም።